«እሺ» ከማለታችሁ በፊት፦ ውጭ አገር ሥራ ለምትጀምሩ

ሥራ ፍለጋ የጀመርኩት አራት ኪሎ ነው። ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ እሑድ እሑድ ጋዜጣ ተከራይቼ፣ አንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጬ፣ የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎችን ደብተር ላይ እገለብጥ ነበር። ከዚያ ዲቪ ደረሰኝና ሜሪላንድ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ተመለስኩ። አሁን የምኖረው ከዚያው ደረጃ ብዙም ሳልርቅ ነው። ቪዛ የመታላቸው የሰፈር ልጆች ሲቪያቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ የሄዱት ደግሞ በቴሌግራም ድምፅ ይልኩልኛል። ጥያቄያቸው ተመሳሳይ ነው፦ «እዚህ ቀጣሪ የሚፈልገው ምን ዓይነት ችሎታ ነው? ምን ልማር?»

መማሩ ይደርሳል። መጀመሪያ ግን ይዛችሁ የሄዳችሁትን አውጡት።

ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ መጣች፤ ፒያሳ ወርቅ ቤት አራት ዓመት ሠርታለች። ሲቪዋ ላይ የሰፈረው ግን «የሽያጭ ሠራተኛ» የሚል ብቻ ነው። አንድ የሥራ ቀኗን ከጠዋት እስከ ማታ እንድትተርክልኝ ጠየቅኳት። ጠዋት ወርቁን ከካዝና በግራም መዝና ትረከባለች። ቀኑን ሙሉ 18 ካራቱን ከ21 ካራቱ ሳታምታታ ትሸጣለች። ማታ እንደገና መዝና፣ ከሽያጩ ገንዘብ ጋር አመሳክራ ታስረክባለች። በአራት ዓመት አንድም ቀን ጉድለት አልተገኘባትም። የሠርግ ቀለበት ሊገዙ መጥተው በዋጋ የተኳረፉ ቤተሰቦችን አግባብታ፣ አስገዝታ የሸኘችበት ቀን ብዙ ነው። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ተራ ነገር እንደምታወራ ነው። እኛ «ታማኝ ልጅ ናት» ብለን የምናልፈውን፣ እዚያ የንብረት ቁጥጥር፣ የጥሬ ገንዘብ አያያዝና የደንበኛ አገልግሎት ብለው ሦስት ቦታ ከፍለው ያዩታል። እሷም እንደዚያው ከፋፍላ ጻፈችው፤ አንድም ቃል አልዋሸችም።

የዕድር ገንዘብ ያዥ የነበራችሁ፣ ዕቁብ የጻፋችሁ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም በመድረሳ ልጆች ያስተማራችሁ፣ ደመወዝ አልተከፈለንም ብላችሁ አትተዉት። በጎ ፈቃድ አገልግሎት እዚያ ሲቪ ላይ የሚጻፍ የከበረ ነገር ነው።

የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው የሥራ የወደፊት ዕጣ ሪፖርት ከ1,000 በላይ ቀጣሪዎችን ጠይቆ ነበር። ከአሥሩ ሰባቱ ያህል ዋነኛ ችሎታ ያሉት ነገሮችን መርምሮ ማሰብን ነው፤ ቀጥሎ የመጣው ጽናትና ከለውጥ ጋር ቶሎ መላመድ ነው። ይህ የቢሮ ሰዎች ወሬ አይምሰላችሁ። መጋዘን ውስጥ አንድ መደርደሪያ ሁልጊዜ ሐሙስ ሐሙስ እንደሚያልቅ ልብ ብሎ፣ ረቡዕ ማታ ለአለቃው የሚናገር ሠራተኛ መርምሮ አስቧል። መብራት በሚጠፋበት፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ ሥራውን በሰዓቱ ያደረሰ ሰው ስለ ጽናት የሚነግረው አያጣም። ብቻ «ጠንካራ ሠራተኛ ነኝ» ብላችሁ አትለፉት፤ አንድ ቀን ምን እንደገጠማችሁ፣ ምን እንዳደረጋችሁ፣ ምን እንደተገኘ ንገሩ።

ቃለ መጠይቅ ላይ የሚያስቸግረን «እኔ» ማለት ነው። «አንድ ከባድ ችግር የፈታህበትን ጊዜ ንገረን» ይሏችኋል። እኛ ደግሞ ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብለን አድገናል፤ «ሁላችንም ተባብረን፣ በእግዚአብሔር ርዳታ ተወጣነው» እንላለን። ጠያቂው ባልደረቦቻችሁን አይቀጥርም። «ሁኔታው እንዲህ ነበር፣ የእኔ ድርሻ ይህ ነበር፣ እኔ ይህን አደረግኩ፣ ውጤቱ ይህ ሆነ» በሉት። የሠራኸውን በልኩ መናገር ትዕቢት አይደለም። ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት እንዲህ ያሉ ታሪኮችን በስልካችሁ ቀድታችሁ፣ መልሳችሁ አዳምጡ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። «እሺ» ወደምንለው።

የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ መጋዘን ውስጥ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ ተቆጣጣሪዬ የትኛው ጭነት ወደ የትኛው በር እንደሚሄድ በፍጥነት አስረዳኝ። ከነገረኝ ግማሹ አልገባኝም። እሺ አልኩት። «ግልጽ ነው?» አለኝ፤ እሺ አልኩት። ደግሜ ብጠይቀው ደካማ መስሎ መታየትን ፈራሁ፤ እሱን ማድከምም ይሉኝታ ያዘኝ። ማታ ሁለት ጭነት ወደማይሆን ከተማ ተጓዘ። በማግስቱ ጠርቶ አልጮኸብኝም። «ስህተት ያጋጥማል፤ እኔን የከበደኝ እንደገባህ መናገርህ ነው» አለኝ። ለካ እኔ አክብሮት ብዬ የሰጠሁት «እሺ»፣ እሱ ዘንድ ቃል መግባት ነበር።

እኛ ዘንድ እሺ ብዙ ነገር ነው። ሰምቻለሁ ማለት ነው፣ አከብርዎታለሁ ማለት ነው፣ አንዳንዴም አይሆንም ማለት ነው። ሰሚው አገሬው ሲሆን ከድምፃችን ይለየዋል። የውጭ አለቃ ግን ገባው፣ ያደርገዋል ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ እሺ ከማለታችሁ በፊት የሰማችሁትን በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ ንገሩት፦ «ሰማያዊ ምልክት ያለውን ወደ 4ኛ በር፣ ሌላውን ወደ 6ኛ፤ ልክ ነኝ?» አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ቋንቋው እንኳ ቢሰባበርባችሁ አለቃው የሚያስታውሰው ማረጋገጣችሁን ነው። እንደምትዘገዩ ስታውቁም አስቀድማችሁ መልእክት ላኩ፤ ከደረሱ በኋላ የሚሰጥ ምክንያት፣ እውነት ቢሆንም፣ እንደ ሰበብ ነው የሚቆጠረው።

ሁለት ትንንሽ ልማዶች አሉ። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን አዎ የምንለውን እዚያ የማያውቅ ሰው «ምን ሆነ?» ብሎ ይደነግጣል፤ በስልክ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ አይሰማም። በቃል መልሱ። ለታላቅ አክብሮት ብለን ዓይን የምንሰብረውንም ብዙ ቀጣሪ የሚያየው የሚደብቀው ነገር እንዳለው ሰው አድርጎ ነው። ቀና ብላችሁ እዩት፤ ንቀት አይሆንባችሁም።

የቀን አቆጣጠሩ ነገር ብዙ ሰው ይጎዳል። አንድ ልጅ የሥራ ዘመኑን «ከ2010 እስከ 2014» ብሎ በእኛው አቆጣጠር ጽፎ ወር ሙሉ አንድም ጥሪ አላገኘም። ያየው ሁሉ ያለ ሥራ ስንት ዓመት ተቀምጧል ብሎ ነው የሚያስበው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለው 7፣ ከዚያ በኋላ ላለው 8 ዓመት ጨምሩበት፤ ዲግሪያችሁና የሥራ ማስረጃችሁ ላይ ካለው ቀን ጋርም አስተያዩት። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «ፈረቃህ 2 ሰዓት ይጀምራል» ከተባላችሁ በእኛ ጠዋት 2 ሳይሆን ከቀኑ ወይም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ጠዋት ወይስ ከሰዓት ብላችሁ ጠይቁ። አሜሪካ ለሚገኝ ቀጣሪ በምትልኩት ሲቪ ላይ ፎቶ፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖትና የጋብቻ ሁኔታ አይጻፍም።

ስለ ኮምፒውተር አላበዛም። ኤክሴል፣ ሥርዓት ያለው ኢሜይል መጻፍ፣ የፈረቃ መተግበሪያ መጠቀም ከቻላችሁ ለጅማሬ በቂ ነው። ያው ሪፖርት በፍጥነት ተፈላጊነታቸው እየጨመረ ነው ካላቸው ችሎታዎች ቀዳሚው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሆነ፣ እንግሊዝኛችሁን ለማቅናት ተጠቀሙበት፤ ያልሠራችሁትን እንዲጽፍላችሁ ግን አትፍቀዱለት፣ ቃለ መጠይቁ ላይ ብቻችሁን ናችሁ። ገና ያልሄዳችሁ እዚሁ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ መለማመድ ትችላላችሁ።

የመጨረሻው የወረቀት ጉዳይ ነው፤ ይህ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ከ2016 ጀምሮ ፒያሳ፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ በመልሶ ማልማት ሲፈርሱ ብዙ ድርጅቶች አድራሻ ቀይረዋል፤ የዘጉም አሉ። የወርቅ ቤቷ ልጅ የቀድሞ አሠሪዋን ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሠራችሁትን ሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመናችሁንና ደመወዛችሁን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አላችሁ። ራሳችሁ መምጣት ካልቻላችሁ ለቤተሰብ ውክልና ስጡ፤ ኤምባሲ ፈርማችሁ የላካችሁት ውክልና አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ማስረጃው ሲወጣ የቀድሞ አለቃችሁን የአሁን ስልክና ኢሜይልም አብራችሁ ተቀበሉ፤ እዚያ ያለው ቀጣሪ ደውሎ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። ሊደወልላቸው እንደሚችልም አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የሰዓት ልዩነቱንም ጭምር።