የሞተር ጉዞ ቀረጻ ለምን ይበላሻል? ችግሩና መፍትሄው

ሞተር ሳይክሌ ላይ በሰቀልኩት ትንሽ የጉዞ ካሜራ (አክሽን ካሜራ የሚሉት) ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስወርድ የቀረጽኩት የመጀመሪያ ቪዲዮ እስካሁን አለኝ። 40 ደቂቃ ይሆናል። በ38ቱ ውስጥ ገደሉም፣ መንገዱም፣ ዳር ላይ የተቀመጡት ዝንጀሮዎችም እንደ እርጎ ይርገበገባሉ። በቀሩት 2 ደቂቃዎች ካሜራው አስፋልት ላይ ተንጋሎ ሰማይ ይቀርጻል። አንድ የጭነት መኪና አጠገቡ ሲያልፍም ይታያል። ከሁሉም ጥሩው ቀረጻ እሱ ነው።

ካሜራውን ለሚያውቅ ሰው አሳየሁት። ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የኔ አሰቃቀል ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ሞተረኛ "ካሜራዬ ተበላሸ" ብሎ ሲያማርር መጀመሪያ የማየው መያዣውን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ምስሉ እንደ እርጎ ይርገበገባል

የችግሮች ሁሉ አለቃ ይሄ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልሂድበት።

የካሜራው ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ምስል የሚቀይረው ክፍል፣ ምስሉን በአንድ ጊዜ አያነሳም። ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር እያነበበ ይወርዳል። ታችኛው መስመር ላይ እስኪደርስ ንዝረቱ ካሜራውን ነቅንቆታል። ቀጥ ያለው የመብራት ምሰሶ እንደ እባብ ተጣሞ የሚወጣው ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ የሚበዙት ሞተሮች ደግሞ ባለ አንድ ሲሊንደር ናቸው። ንዝረታቸው እጅ ያደነዝዛል።

"ታዲያ ካሜራው ውስጥ ያለው የምስል ማረጋጊያ ምን ይሠራል?" ትሉ ይሆናል። የካሜራ አምራቹ ጎፕሮ በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሂሮ 7 ብላክ ከተባለው ካሜራው ጋር ሃይፐርስሙዝ የተባለውን ማረጋጊያ ካመጣ ወዲህ የእነዚህ ካሜራዎች ማረጋጊያ በጣም ተሻሽሏል። ግን የሚችለው ሰፋና ዘገም ያለውን እንቅስቃሴ ነው፤ ጉድጓዱን፣ ኮረኮንቹን፣ የጭንቅላት መዞሩን። ፈጣኑንና ጥቃቅኑን የሞተር ንዝረት አይደርስበትም።

ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ምንጩን ለዩ። ሞተር ሳይክሉን በማቆሚያው አቁሙት፣ አስነሱት። በሚኒሞ 30 ሰከንድ ቅረጹ። ከዚያ ነዳጅ ሰጥታችሁ ሌላ 30 ሰከንድ ቅረጹ። ቆሞ ሳለ ከተርገበገበ ንዝረቱ ከሞተሩ ነው። ቆሞ ጸጥ ብሎ መንገድ ላይ ብቻ ከሆነ ግን መያዣው ላልቷል፣ ወይም የካሜራው ክንድ ረዝሟል።

ክንዱን ማሳጠር ከሁሉም ይቀድማል። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ንዝረቱን እያባዛ ነው የሚያሳልፈው። ሦስት መገጣጠሚያ ካለው ወደ አንድ አውርዱት። የፕላስቲክ መያዣ ከሆነ በብረት ቀይሩት። ቦታውንም እዩ፦ ከመሪው ጫፍ ይልቅ መሃሉ ይሻላል። የስፖኪዮ ዘንግ ላይ ግን በፍጹም እንዳትሞክሩት። መስተዋቱ ራሱ ሲንቀጠቀጥ እያያችሁ ካሜራ እዚያ መስቀል ምን ይባላል?

ከዚያ ጎማ። ጎሚስታ ቤት ሄዳችሁ የተጣለ ካላማዳሪያ ለምኑ። ቁራጩን በመሪውና በመያዣው መሃል ጠቅልሉት። አንድ ዙር፣ ቢበዛ ሁለት። እኔ መጀመሪያ አምስት ዙር ጠቅልዬ ካሜራው እንደ ሰካራም ሲወዛወዝ ዋለ።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ካሜራውን ከሞተሩ አውርዱትና ሄልሜታችሁ ላይ አድርጉት። የሰው ወገብና አንገት ከማንኛውም ባሌስትራ ይበልጣሉ። ንዝረቱ እላይ ሳይደርስ ያልቃል። ቦታው አገጭ ላይ ቢሆን ይመረጣል። አናት ላይ ሲሆን ነፋሱ አንገት ይጎትታል፣ ስትወድቁም የሆነ ነገር ላይ ሊያዝ ይችላል። ሄልሜቱን ግን አትብሱት። የተበሳ ሄልሜት ሥራውን አይሠራም።

ካሜራ ሳይኖር በስልክ ለመቅረጽ ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልበል። አፕል ራሱ በመስከረም 2021 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የትልልቅ ሞተር ሳይክሎች ንዝረት የአይፎንን ካሜራ ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። በስልኩ ውስጥ ሌንሱን የሚያረጋጋው ተንቀሳቃሽ ክፍል ነው የሚጎዳው። ስልኩን ለካርታ ከሰቀላችሁም ንዝረት የሚቀንስ መያዣ ፈልጉለት።

ካሜራው ይወድቃል

መያዣውን ሄልሜት ወይም ታንክ ላይ የሚይዘው ማጣበቂያ ሲለቅ አምራቹን እንረግማለን። እውነቱ ግን አብዛኛው ሰው የሚለጥፈው ሊነሳ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። በአዲስ አበባ ንጋት ብርድ፣ አቧራ ባለበት ታንክ ላይ። ማጣበቂያ ብርድ አይወድም። ቅባትና ሰም የተቀባ ቀለም ደግሞ ጭራሽ አይወድም።

ቦታውን በአልኮል ጥረጉ፣ ይድረቅ። ቤት ውስጥ፣ ሞቅ ባለ ክፍል ለጥፉት። ጫን አድርጋችሁ ያዙት፣ ከዚያ 24 ሰዓት አትንኩት። በዋዜማው ለጥፉት ማለቴ ነው። ከመያዣዎቹ አንዱ ጠፍጣፋ፣ አንዱ ጎበጥ ያለ የሚሆነው ለማስዋብ አይደለም። ሄልሜት ላይ ጠፍጣፋውን ከለጠፋችሁ የሚይዘው መሃሉ ብቻ ነው። ሸካራ ወይም የማያንጸባርቅ ቀለም ላይም ብዙ አትመኑት።

ቡሎኑም ይላላል። ከተነሳችሁ በኋላ መጀመሪያ ቡና ለመጠጣት ስትቆሙ በእጃችሁ ፈትሹት። ጎማ ሮንዴላ ካስገባችሁበት ቶሎ አይፈታም። ካሜራው ሞተሩ ላይ ከሆነ ደግሞ በጠንካራ የናይለን ገመድ ሻንጣችሁ ላይ ሳይሆን ሻሲው ላይ እሰሩት። ገመዱ አጭር ይሁን። ካሜራው ቢለቅ ተንጠልጥሎ ጎማና ካቴና ጋ መድረስ የለበትም።

ሰማዩ ብቻ ወይም ታንኩ ብቻ ይታያል

ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ካሜራውን ያስተካከላችሁት ቆማችሁ ነው። ስትነዱ ጎንበስ ትላላችሁ፣ አገጭ ወደ ፊት ይወጣል። ሞተሩ ላይ ተቀመጡ፣ መሪ ያዙ፣ ጓንት አድርጉ፣ በዚያ አቀማመጥ 10 ሰከንድ ቅረጹና እዩት። ከመሪው ትንሽ ቢገባ ይመረጣል። መሪ የሌለበት ቪዲዮ ከመኪና የተቀረጸ ይመስላል።

ድምፁ ሁሉ ነፋስ ነው

ማይክሮፎኑ ፊት ለፊት ነፋስ እየመታው ሌላ ምን ይስማ? ካሜራችሁ የውጭ ማይክሮፎን የሚቀበል ከሆነ ትንሿን ማይክ ሄልሜት ውስጥ፣ ጉንጭ ስፖንጁ ሥር ደብቋት። ካልሆነ የማይክሮፎኑን ቀዳዳዎች በቀጭን ስፖንጅ ሸፍኑ። ሁለቱንም ማድረግ ካልቻላችሁ ድምፁን ተዉትና ቤት ስትገቡ ተረኩበት። እኔ አሁን የማደርገው ይሄንኑ ነው።

መሃል ላይ ይጠፋል

እዚህ ጋ ወንጀለኛው ሦስት ስለሆነ ፋይሉን እንደ መርማሪ ማየት ያስፈልጋል።

የሚጠፋው ትራፊክ ላይ ስትቆሙ ከሆነና ካሜራው ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ሙቀት ነው። እነዚህ ካሜራዎች የሚቀዘቅዙት በነፋስ ነው። ሞተሩ ሲቆም ነፋሱም ይቆማል። የምስሉን ጥራት ከ4ኬ ወደ 2.7ኬ ወይም 1080 ዝቅ አድርጉ፣ ዋይፋይና ጂፒኤስ ዝጉ፣ ስክሪኑ ቶሎ እንዲጠፋ አድርጉ። ስትቆሙ ቀረጻውንም አቁሙ። ቀይ መብራት ላይ የቆመ ሰው ማን ያያል?

የመጨረሻው ፋይል አልከፈት ካለ ግን ኃይል ተቋርጧል ወይም ካርዱ ታማኝ አይደለም። ከፓወር ባንክ የሚመጣ ገመድ በንዝረት ይነቀላል። መሰኪያው አጠገብ በፕላስተር ያዙት። ልብ በሉ፣ የባትሪው በር ክፍት ከሆነ ካሜራው ውሃ አይችልም። ክረምት ላይ ይህን የረሳ ብዙ ነው።

ካርዱን በተመለከተ ቪ30 (V30) የሚል የመጻፊያ ፍጥነት ምልክት ያለውን ፈልጉ። በ4ኬ ስትቀርጹ ካሜራው በሰከንድ 100 ሜጋቢት ከጻፈ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል። 64 ጊጋ ካርድ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይደርስም። ገበያ ላይ ደግሞ 128 ተብሎ የታተመበት፣ ውስጡ ግን ግማሹንም የማይዝ ካርድ አለ። አዲስ ካርድ እንደገዛችሁ እስኪሞላ ቅረጹበትና መጨረሻው መከፈቱን እዩ። ፎርማት የምታደርጉት በኮምፒውተር ሳይሆን በካሜራው ውስጥ ይሁን።

ሌንሱ ላብ ይይዛል

ይሄ የዓባይ በረሃ ስጦታ ነው። መንገዱ ከደጋው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በብርድ የቆየ ካሜራ ሞቃትና እርጥብ አየር ሲያገኝ ሌንሱ ከውጭ ያልበዋል። ይሄኛው በጨርቅ ይጠረጋል፣ ጥቂት ሲቆይም በራሱ ይለቃል። የሚያስቸግረው ዳገቱ ነው። ታች፣ ሙቀቱ ውስጥ የካሜራውን ውሃ የማያስገባ ተጨማሪ ሽፋን ከፍታችሁ ባትሪ ቀይራችሁ ከዘጋችሁት እርጥቡን አየር አብራችሁ ቆልፋችሁበታል። በወዲያኛው በኩል ደጋ ላይ ወዳለችው ደጀን ስትወጡ መስታወቱ ይቀዘቅዛል፣ ላቡም ከውስጥ ይይዛል። ስለዚህ ሽፋኑን ደጋ ላይ ክፈቱ፣ ደጋ ላይ ዝጉ። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘው፣ እርጥበት የምትመጥጠው ትንሽ ነጭ ከረጢትም ካሜራው በሚቀመጥበት ቦርሳ ውስጥ ትጠቅማለች።

ማታ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል

ሱቁና የመንገድ መብራቱ ቪዲዮው ላይ እየጠፋ እየበራ ከታየ የካሜራው ሴቲንግ ከአገሩ ኤሌክትሪክ ጋር አልተስማማም። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ብዙ ካሜራ ግን ከውጭ በ60 ተስተካክሎ ይመጣል። ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ወደ 50 ቀይሩት፣ በሰከንድ የሚነሳው የምስል (ፍሬም) ቁጥርም 25 ወይም 50 ይሁን። አሜሪካና ሳዑዲ ያላችሁ በ60 ተዉት። ኤምሬትስ፣ እስራኤልና አውሮፓ ያላችሁ እንደኛው 50 ናችሁ። ከፊት የሚመጡ አንዳንድ መኪኖች መብራት ከዚህም በኋላ ሊርገበገብ ይችላል። እሱ ከከተማው ኤሌክትሪክ ጋር ስለማይገናኝ በዚህ ሴቲንግ አይስተካከልም።