የባትሪ ድንጋይ ያፈሰሰበትን አሮጌ የካሜራ ፍላሽ አትጣሉት

ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር እንግዳ እያቆመ ፎቶ ሲያነሳ የኖረው አጎቴ አሮጌ ፍላሹን ሰጠኝ። ክዳኑን ስከፍት አራቱም የባትሪ ድንጋዮች ነጭ ዱቄት ለብሰው ከሞላው ጋር ተጣብቀዋል። «አለቀለት» አለኝ። አላለቀለትም! ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ድንጋዩ የሚነካው ብረት ነው እንጂ ውስጡ ደህና ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ፍላሽ ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር (ለብልጭታው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) 300 ቮልት አካባቢ ይይዛል፤ ድንጋዩ ከወጣ በኋላም ቻርጁ ሊቆይና ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ብሎኑን አትፍቱ። ሥራችን ባትሪ ቤቱ ላይ ብቻ ነው።

ጓንት አድርጋችሁ ድንጋዮቹን አውጡ። እምቢ ካሉ በካቻቪቴ አትፈልቅቁ፣ ቀስ እያላችሁ አሽከርክሯቸው። አልካላይን ድንጋይ ሲያፈስ የሚወጣው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ለዓይን ደግሞ ይብሳል። መድኃኒቱ ኮምጣጣ ነገር ነው፦ አቼቶ ወይም ሎሚ። የጆሮ ጥጥ ነከር አድርጋችሁ ዱቄቱ ላይ ያዝ አድርጉት። አረፋ ያወጣል። አረፋው እስኪያቆም ጥጥ እየቀያየራችሁ ደጋግሙ፣ ግን አታፍስሱበት፤ ወደ ውስጥ ከሰረገ ሌላ ጣጣ ነው። ከዚያ ውሃ ባስነካችሁት ጥጥ፣ ቀጥሎ በአልኮል ጥረጉት፤ አቼቶው ከቀረ እሱ ራሱ ብረቱን ይበላል። ክፍቱን ይደር።

አሁን ሞላው ይታያል። የእኛው ጠቁሮ፣ ጫፍ ጫፉ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እንጨት ጫፍ ላይ ጠቅልዬ ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈግኩት። እጃችሁን አታክብዱ፤ ስስ ልባሱ ከተላጠ ቶሎ ይዝጋል። ሞላው ተበልቶ ከተሰበረ ወይም ሽቦው ወደ ውስጥ ድረስ ከጠቆረ የካውያ ሥራ ነው፤ የካፓሲተሩን ቻርጅ ማራገፍ ለሚያውቅ ባለሙያ ስጡት።

ከዚያ አራት አዲስ ድንጋይ። ያቺ ቀጭን «ሲይይ» የምትል ድምፅ ከመጣች ደስ ይበላችሁ። ዓመታት የተኛ ካፓሲተር ግን ቶሎ አይነቃም። ለመተኮስ ዝግጁ መሆኑን የሚያሳየው መብራት ከበራ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ተዉት፣ በመሞከሪያው ቁልፍ ተኩሱት፣ ደግሞ ጠብቁ። ከጋለ ወይም ከሸተተ ወዲያው አጥፉት።

ዲጂታል ካሜራ ላይ ከመግጠማችሁ በፊት ከፍላሹ ሥር ባለው የመሃል ነጥብና በጎኑ ብረት መካከል ያለውን ቮልት በቴስተር (በቮልት መለኪያው) ለኩ። ከአሮጌዎቹ አንዳንዶቹ ከ200 ቮልት በላይ ስለሚያወጡ ካሜራውን ሊያቃጥሉት ይችላሉ። የአጎቴም በዝቶ ስላገኘሁት የራሱ የፊልም ካሜራ ላይ መለስኩለት። የመጀመሪያዋን ብልጭታ እሱ ራሱ ተኮሰ።