የሰፈር ጨዋታ ስንዳኝ ሰዓት ገዳይን እንዴት እንይዛለን?

ባሕር ዳር ውስጥ ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ የሰፈር ዋንጫ ይጀመራል። ተጫዋች ሞልቷል፤ የሚጠፋው ዳኛ ነው። እኔም ፊሽካ የያዝኩት ሌላ የሚይዝ ስለጠፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያየሁት ነገር ቢኖር ጨዋታን የሚያበላሸው ኃይለኛ ጥፋት ብቻ እንዳልሆነ ነው። ጥፋቱንማ ሜዳው ሁሉ ያየዋል። አውቆ የሚወድቀውን፣ ኳስ የሚያርቀውን፣ ሰዓት የሚገድለውን ግን ዳኛው ካልያዘው ማንም አይይዘውም።

መጀመሪያ ሁለት የእጅ ሰዓት አዘጋጁ። አንዱ ከመነሻው ፊሽካ እስከ እረፍት ሳይቆም ይቆጥራል። ሁለተኛውን ሰዓት፣ ጨዋታ ያለአግባብ ሲቆም ታስነሳላችሁ፣ ሲቀጥል ታቆማላችሁ። ስልክ አልመክርም፤ ዝናብ ሲነካው አይታዘዝም፣ ከኪስ እስኪወጣም ጨዋታው ያመልጣችኋል። ፊሽካ፣ ካርድ፣ ወረቀትና እርሳስ የታወቀ ነው።

ኳስ ሦስት ይሁን። ሜዳው ለጣና ቅርብ ከሆነ ይህ ግዴታ ነው። የሚመራው ቡድን ተከላካይ ኳሷን ደንገል ውስጥ ከላካት፣ አንዱ ልጅ ሱሪውን ሰብስቦ ገብቶ እስኪያወጣት ድረስ ደቂቃዎች ይበላሉ።

ሁለቱን አምበሎች ጠርታችሁ ከእነሱ በቀር ማንም እንደማያናግራችሁ ንገሯቸው። በራግቢ ሊግ ይህ የቆየ ሥርዓት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫም አምበል ብቻ ዳኛውን እንዲያነጋግር ተደርጎ ነበር። አሥር ሰው ከቦ ሲጮህባችሁ ውሳኔ መስጠት አይቻልም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፦ በረኛ ሲተኛ።

አንድ የፍጻሜ ጨዋታ ዳኝቼ ነበር። ዘግይተን ከቀኑ አሥር ሰዓት ከአርባ አምስት ጀመርን፤ በሁለተኛው አጋማሽ ውጤቱ አንድ ለባዶ ነው። የሚመራው ቡድን በረኛ ሦስት ጊዜ ተኛ። መጀመሪያ ቀኝ ጉልበቱን ያዘ፣ ቀጥሎ ግራውን፣ በሦስተኛው ጀርባውን። እኔ በአንድ የእጅ ሰዓት ብቻ፣ የባከነውን በግምት እየያዝኩ፣ ሁለት ደቂቃ ጨምሬ አበቃሁ። በኋላ ከተመልካች አንዱ የቀረጸውን ሲያሳየኝ የተኛበት ብቻ ሰባት ደቂቃ ነበር። የተሸነፈው ቡድን አምበል ዓይኑ እንባ አቅርሮ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ሰዓቱን አላዩልንም እኮ» አለኝ። የምመልስለት አልነበረኝም። የዚያን ልጅ አምስት ደቂቃ የወሰድኩበት እኔ ነኝ።

ሕጉን አጥብቄ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሌላ ተጫዋች ሜዳ ውስጥ ከታከመ በአብዛኛው ወጥቶ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ነው የሚመለሰው። በረኛ ግን እንዲወጣ አይገደድም። አሰልጣኞች «ተኛ» የሚሉት በረኛውን የሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ሁለተኛው ሰዓት ብቻ ነው። ፊሽካ እንደነፋችሁ አስነሱት። ሐኪም ይግባ፤ በረኛውን «ተነሳ» ብላችሁ አትጎትቱ፣ አታሏል ብላችሁም አትፍረዱ፤ የምር ታሞ ቢሆንስ? ጭንቅላቱን ከተመታ ጨዋታውን ወዲያውኑ አስቁሙ። ሲነሳ ሁለቱንም አምበሎች ጠርታችሁ ሰዓቱን አሳዩአቸው፦ «ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ተይዟል።» መተኛቱ ትርፍ እንደሌለው ካወቁ በኋላ ብዙ በረኞች ቶሎ ሲነሱ አይቻለሁ።

ጨዋታውንም በጊዜ ጀምሩ። እኛ ሜዳ መብራት የለም፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ኳስ አይታይም። ሰዓት ገዳዩ የሚጠብቀው ጨለማውን ነው። እኔ አሁን ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል በኋላ የሚጀመር ፍጻሜ አልዳኝም።

ኳስ በእጁ ይዞ ለሚቆም በረኛ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ሕጉ ተሻሽሏል። ከስምንት ሰከንድ በላይ ከያዘ ለተጋጣሚው ኮርነር ይሰጣል። የመጨረሻዎቹን አምስት ሰከንዶች እጃችሁን ከፍ አድርጋችሁ በጣት ቁጠሩለት። የድሮው ስድስት ሰከንድ ነበር፤ ቅጣቱም ጎል አፍ ላይ የሚመታ ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ስለሆነ ዳኛ ይፈራው ነበር። ኮርነር ለመስጠት አይከብድም።

አውቆ ለሚወድቅ ቢጫ አለው፤ እርግጠኛ ከሆናችሁ ብቻ። ከጎን ቆማችሁ በሁለቱ ተጫዋቾች እግሮች መካከል ያለውን ክፍተት ካላያችሁ ግምት ነው፤ ጨዋታው ይቀጥል።

ከተሳሳታችሁ፣ ጨዋታው እንደገና ሳይጀመር ውሳኔያችሁን መቀየር ትችላላችሁ። ከተጀመረ በኋላ አይቻልም። በመጀመሪያው አጋማሽ የረሳችሁትን ደቂቃም በሁለተኛው ላይ መጨመር ክልክል ነው፤ ስለዚህ ሒሳቡን እዚያው ዝጉ።

አርባ አምስተኛው ደቂቃ ሊሞላ ሲል የሚጨመረውን ጮክ ብላችሁ ለሁለቱም ወገን ተናገሩ። ከተናገራችሁት ላይ መጨመር ትችላላችሁ፣ መቀነስ ግን አትችሉም። በተጨመረው ደቂቃ ውስጥ በረኛው ከተኛም ሁለተኛው ሰዓት እንደገና ይነሳል።