በአሜሪካ ገጠር የእህል ዋጋ ድጎማ እንዴት ይሰላል?

በካንሳስ ግዛት እንደ ሰምነር ባለ ስንዴ አብቃይ ካውንቲ (ከግዛት በታች ያለ አስተዳደር)፣ የፌዴራሉ መንግሥት ለገበሬ የሚከፍለው የዋጋ ማካካሻ ዘንድሮ ከታጨደው ስንዴ ጋር የተያያዘ የሚመስለው ብዙ ነው። ክፍያው ግን የሚታሰበው ቀድሞ በተመዘገበ የመሬት ታሪክ ላይ ነው። ስለዚህ ስሌቱ የሚጀምረው ከመዝገብ ነው።

በመጀመሪያ ካውንቲው ውስጥ ወዳለው የግብርና ሚኒስቴር የእርሻ አገልግሎት ቢሮ ሄደው ሁለት ቁጥሮች ይጠይቁ፤ በእርሻው ስም የተመዘገበውን መነሻ ኤከር፣ ማለትም በቀድሞ የዘር ታሪኩ መሠረት ለክፍያ የሚታሰብለትን የመሬት ስፋት (አንድ ኤከር 0.4 ሄክታር ገደማ ነው)፣ እና በኤከር የተያዘለትን የክፍያ ምርት፣ ማለትም ለስሌቱ የተመዘገበለትን የምርት መጠን። መነሻ ኤከሩ የስንዴ ከሆነ፣ ማሳው ላይ አኩሪ አተር ቢዘራም የሚታየው የስንዴ ዋጋ ነው። መነሻ ኤከር የሌለው መሬት፣ ምንም ያህል ቢያፈራ፣ በዚህ ድጎማ አንድ ሳንቲም አያመጣም። መሬት የሚከራይ ወጣት ገበሬ ውሉን ከመፈረሙ በፊት ይህን ማጣራት አለበት፤ ከፈረመ በኋላ ቢያውቀው ኪራዩን አያስቀንስለትም። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ በአገር አቀፍ ደረጃ እስከ 30 ሚሊዮን አዲስ መነሻ ኤከር ስለፈቀደ፣ መነሻ ኤከር ያልነበረው መሬትም ድርሻ ሊያገኝ ይችላል።

ቀጥሎ ገንዘቡ የማን እንደሆነ ይለዩ። ባለመሬቱ ኪራዩን በጥሬ ገንዘብ የሚቀበል ከሆነ ማካካሻው የአራሹ ነው፤ የምርቱ ኪሳራ የሚደርሰው በእርሱ ላይ ነውና። በእኩል ወይም በሲሶ የሚያርሱ ከሆነ ግን እንደ ድርሻቸው ይካፈላሉ።

ከዚያ ምርጫ አለ። በ2014 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የወጣው የግብርና ሕግ፣ ዋጋ ወጣም ወረደ ይከፈል የነበረውን ቀጥተኛ ክፍያ አስቀርቶ ሁለት መንገድ አበጀ። አንዱ የገበያ ዋጋ በሕግ ከተወሰነው መነሻ ዋጋ በታች ሲወርድ የሚከፍል ነው። ሌላው የካውንቲው ገቢ፣ ማለትም ዋጋና ምርት ተባዝተው፣ ከቀደሙት ዓመታት አማካይ ከተሰላ መለኪያ በታች ሲወርድ የሚከፍል ነው። ድርቅና በረዶ ለሚያሰጋው አካባቢ ሁለተኛው ይታሰብበት፤ የሚያስፈራዎት የዋጋ መውደቅ ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው ይቀላል።

የመጀመሪያውን በ2019ኙ ስንዴ እናስላው። የዚያ ዓመት መነሻ ዋጋ በቡሼል (27 ኪሎ ገደማ ስንዴ) 5.50 ዶላር፣ የግብይት ዓመቱ አማካይ የገበያ ዋጋ ደግሞ 4.58 ዶላር ነበር። ልዩነቱ 92 ሳንቲም ነው። ክፍያው በመነሻ ኤከሩ 85 በመቶ ላይ ስለሚታሰብ፣ 100 መነሻ ኤከር ያለው ገበሬ የሚከፈለው በ85ቱ ብቻ ነው። የክፍያ ምርቱ በኤከር 40 ቡሼል ከሆነ፣ 0.92 በ40 ሲባዛ 36.80፣ ይህም በ85 ሲባዛ 3,128 ዶላር ይመጣል። ዋጋው ከ5.50 በላይ ቢሆን ኖሮ ክፍያ አይኖርም ነበር። የ2025ቱ ሕግ የስንዴን መነሻ ዋጋ ወደ 6.35፣ የበቆሎን ከ3.70 ወደ 4.10፣ የአኩሪ አተርን ከ8.40 ወደ 10 ዶላር ከፍ አድርጎታል።

እዚህ ላይ ስለ ጊዜው አጥብቄ ላሳስብ። የስንዴ የግብይት ዓመት ከጁን እስከ ሜይ ነው፤ ክፍያውም የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ በኦክቶበር ነው። በ2019 በጁን የታጨደ ስንዴ ማካካሻው የደረሰው በ2020 መጸው ላይ ነው። ይህን ገንዘብ ለመጪው ዘር ወይም ማዳበሪያ መተማመኛ አድርጎ ዕዳ መግባት ቤተሰብን ያስጨንቃል።

የቀረው ወረቀት ነው፣ ግን ቸል አይባልም። የበቆሎና የአኩሪ አተር የዘር ኤከር ሪፖርት በአብዛኛው እስከ ጁላይ 15 ይቀርባል። ለመሸርሸር የተጋለጠ መሬትና ረግረግ ስለመጠበቅም ይፈረማል። አማካይ ዓመታዊ ገቢው ከ900,000 ዶላር የሚበልጥ ሰው በአጠቃላይ አይከፈለውም።

ቢሮው ማመልከቻዎን ከከለከለ፣ ገበሬዎች ከመካከላቸው ለመረጡት የካውንቲ ኮሚቴ ይግባኝ ማለት ይቻላል። የውሳኔው ደብዳቤ እንደደረሰዎት የሚቆጠረው 30 ቀን ስለሆነ፣ ፖስታውን ሳይከፍቱ አያስቀምጡት።