በኦፕን ሶርስ ስልክ ላይ ብሉቱዝ ኢርፎን ስናገናኝ የምንሠራቸው ስህተቶች

ፖሊ ካምፓስ የምትማር የአክስቴ ልጅ የገዛችውን ብሉቱዝ ኢርፎን ሁለት ጊዜ ወደ ሱቅ መልሳ ቀይራለች። በሦስተኛው ባለሱቁም ሰለቸው፣ እሷም አፈረች። ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ጣና ዳር ዋርካ ሥር ተቀምጠን ስልኩን ተቀበልኳት። ፓይንፎን ነው፤ አንድሮይድ ሳይሆን ሊኑክስ የተጫነበት፣ የሚሠራበት ኮድ ለማንም ክፍት የሆነ ስልክ። «ጋሼ፣ ተገናኝቷል ይላል፤ ድምፁ ግን ከስልኩ ነው የሚወጣው» አለችኝ። ኢርፎኑ ምንም አልሆነም ነበር። የተመለሱት ሁለቱም ደህና እንደነበሩ አልጠራጠርም።

በአንድሮይድ የለመድን ሰዎች «ተገናኝቷል» የሚለውን ስናይ ድምፅ እንጠብቃለን። በሊኑክስ ስልክ ግን ማገናኘትና ድምፅ ማሳለፍ የሁለት ፕሮግራሞች ሥራ ነው። ብሉዚ የሚባለው ኢርፎኑን ፈልጎ ያገናኛል። ዘፈኑን ወይም መዝሙሩን ወደ ኢርፎኑ የሚልከው ደግሞ የድምፅ ሰርቨር ነው፤ ፐልስኦዲዮ ወይም ፓይፕዋየር። አንዱ ሥራውን ጨርሶ ሌላኛው ገና ምንም ያልጀመረ ሊሆን ይችላል። ከታች ካሉት ስህተቶች ብዙዎቹ ይህን ካለመለየት የሚመጡ ናቸው።

ክዳኑን ሳይከፍቱ ሶፍትዌር መነካካት

የፓይንፎን የጀርባ ክዳን ሲነሳ ስድስት ጥቃቅን ስዊቾች ይታያሉ። ሁለተኛው ዋይፋይንና ብሉቱዝን አንድ ላይ ያጠፋል። እሱ ከጠፋ ሴቲንግ ውስጥ የፈለጋችሁትን ብትጫኑ፣ ስልኩን አሥር ጊዜ ሪስታርት ብታደርጉ ብሉቱዝ አይመጣም። በጣት አይያዙም፤ እኔ በስቴኪኒ ጫፍ ነው የማንቀሳቅሳቸው። መርፌና ቢላዋ አታስጠጉ። ሊብረም 5 የሚባለውን ሌላ የሊኑክስ ስልክ የያዛችሁ ስዊቾቻችሁ ሦስት ናቸው፤ ከስልኩ ጎን ስላሉ ክዳን መክፈት አያስፈልግም። ኪስ ውስጥ ሳታውቁት ተነክተው እንደሆነ ግን እዩ።

ኢርፎኑ የድሮ ስልኩን እንደያዘ መፈለግ

ኢርፎን ከሳጥኑ ሲወጣ መጀመሪያ የሚሄደው ወደሚያውቀው ስልክ ነው። የድሮውን ስልክ ብሉቱዝ አጥፉ፤ ከዚያ የኢርፎኑን ቁልፍ መብራቱ ቶሎ ቶሎ እስኪርገበገብ ድረስ ተጭናችሁ ያዙ።

ፔር አድርጎ ትረስትን መዝለል

በሴቲንግ አልሆን ሲል ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ተከፍቶ ብሉቱዝሲቲኤል (bluetoothctl) ይጻፋል። ትእዛዞቹ በቅደም ተከተል ስካን ኦን (መፈለግ)፣ ፔር (ማስተዋወቅ)፣ ትረስት (ማመን)፣ ኮኔክት (ማገናኘት) ናቸው፤ ከመጀመሪያው በቀር ሁሉም የኢርፎኑን አድራሻ ከኋላቸው ይፈልጋሉ። ብዙ ሰው ከፔር ቀጥታ ወደ ኮኔክት ይሄዳል። ለዚያን ቀን ይሠራለታል። በማግስቱ ኢርፎኑን ከሳጥኑ ሲያወጣው በራሱ ሊገናኝ ይሞክራል፣ ስልኩ ግን «ይህን እመነው» ስላልተባለ አያስገባውም። ሰውየውም ከእንደገና ያጠፋና ፔር ያደርጋል። ትረስት አንድ ጊዜ ከተሰጠ ይህ ድካም ይቀራል።

ሁለት የድምፅ ሰርቨር ማስቀመጥ

የአክስቴን ልጅ ያደከማት ይኸው ነበር። ስልኳ ላይ ፐልስኦዲዮ ነበረ። አንዱ ጓደኛዋ ፓይፕዋየር ይሻላል ሲላት እሱንም ጫነችው፤ የመጀመሪያውን ግን አላነሳችም። ሁለቱም ስልኩ ሲበራ ይነሳሉ። ኢርፎኑን ፓይፕዋየር ቀድሞ ያዘው፤ ማጫወቻው ደግሞ መዝሙሩን የሚልከው ለፐልስኦዲዮ ነበር። ፐልስኦዲዮ የሚያውቀው የስልኩን ስፒከር ብቻ ስለሆነ በዚያው አወጣው። ስለዚህ ስክሪኑ «ተገናኝቷል» ሲል አልዋሸም፤ ኢርፎኑ የተገናኘው መዝሙሩ ከሚያልፍበት ሌላ ቦታ ነበር።

አንዱን ምረጡ፣ ሌላውን አስወግዱ። እኔ ፓይፕዋየርን እመርጣለሁ፤ በፐልስኦዲዮ ቋንቋ የሚናገሩ አፖችን የሚያስተናግድ ክፍል ስላለው ማጫወቻችሁን መቀየር አይጠበቅባችሁም። ስትጭኑ ግን የብሉቱዙ ክፍል ብዙ ጊዜ ለብቻው ፓኬጅ መሆኑን አትርሱ፤ ስልኩ ላይ ከሚጫኑት የሊኑክስ ዓይነቶች በሞቢያንም በፖስትማርኬትኦኤስም እንደዚያው ነው። እሱ ከሌለ ፔር ማድረግ ይሳካና ኮኔክት ላይ «ፕሮፋይሉ የለም» የሚል መልእክት ይመጣል። ሰርቨሩን በሱዶ፣ ማለትም በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ) ሥልጣን፣ አታስነሱት። የሚሠራው በተጠቃሚው ስም ነው፤ በሩት ከተነሳ የእናንተ ማጫወቻ አያገኘውም። ከጫናችሁ በኋላ ስልኩን ሪስታርት ማድረግ ይበቃል።

ለመዝሙር የስልክ ጥሪ መስመር መጠቀም

ስለዚህ ስህተት ሰው ሲያማርር አልሰማም፤ ብዙዎች ስህተት መሆኑን ስለማያውቁት ነው። ብሉቱዝ ለድምፅ ሁለት መንገድ አለው። ኤ2ዲፒ ለማዳመጥ ብቻ ነው፤ ጥራቱ ከፍ ያለ፣ ማይክ የሌለው። ኤችኤፍፒ ለጥሪ ነው፤ ማይኩም አብሮ ይሠራል፣ የድምፁ ጥራት ግን ይቀንሳል። ኤ2ዲፒ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 44,100 ናሙና (የድምፁን ልኬት) ሲያሳልፍ፣ የቆየው የኤችኤፍፒ ዓይነት 8,000፣ የተሻሻለው ደግሞ 16,000 ብቻ ያሳልፋል። አንድ መስመር ሊሸከም የሚችለው የድምፅ ድግግሞሽ ከናሙናው ግማሽ አይበልጥም። ስለዚህ በ8,000 ናሙና ከ4,000 ሄርዝ በላይ ያለው ሁሉ ይቆረጣል።

ልዩነቱን በበገና ሰምታችሁ ታውቁታላችሁ። የበገናን ድምፅ በገና የሚያደርገው ከጅማቱ ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ የምትፈጥረው ንዝረት ነው። ጣት ጅማቱን ነክቶ ከለቀቀ በኋላ እንደ ንብ የሚያጉረመርመው ማለቴ ነው። በኤችኤፍፒ ሲደመጥ ዋናው ዜማ ይሰማል፤ ከንዝረቱ ግን ላዩ ይቆረጥና በገናው በር ተዘግቶበት ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስላል። የአክስቴ ልጅ ኢርፎኑን ካስተካከልንላት በኋላም «ይህ ርካሽ ስለሆነ ነው» ብላ ነበር። ፓቩኮንትሮል የሚባለውን የድምፅ መቆጣጠሪያ አፕ ከፍቼ ኮንፊገሬሽን የሚለው ውስጥ ከሄድሴት (ከኤችኤፍፒው) ወደ ኤ2ዲፒ ስቀይርላት ቀና ብላ አየችኝና ዝም ብላ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

ራሱ የሚቀየርበትም ጊዜ አለ። ማይክ የሚፈልግ አፕ፣ ለምሳሌ ድምፅ መቅጃ፣ ሲከፈት ፓይፕዋየር ኢርፎኑን ወደ ጥሪው መስመር ሊያዞረው ይችላል። ድምፁ በድንገት ከቀጠነ ኢርፎኑን ከመጠርጠራችሁ በፊት ከኋላ የተከፈተውን አፕ ዝጉ።

ዋይፋይ እያወረደ ማዳመጥ

ብሉቱዝ የሚሠራው በ2.4 ጊጋሄርዝ አካባቢ ነው። የፓይንፎን ዋይፋይም እዚያው ላይ ነው፤ ሁለቱም የሚወጡት ከአንድ ቺፕ ነው። ሐይቁ ዳር ካሉት ካፌዎች ሰው የሞላበት ውስጥ ተቀምጣችሁ ፋይል እያወረዳችሁ ብታዳምጡ ድምፁ ሊቆራረጥ ይችላል። ወደ ዘጌ በሚሄድ ጀልባ ላይ፣ ዙሪያችሁ ውኃ ብቻ ሲሆን፣ ያው ኢርፎን ጥርት ብሎ ይሰማል። የምትፈልጉትን አስቀድማችሁ አውርዱና ዋይፋዩን ከሴቲንግ አጥፉ። ከጀርባው ስዊች አይደለም፤ እሱ ብሉቱዙንም ይዞት ይሄዳል።

ስልኩ ሲተኛ

ስክሪኑ ጠፍቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ ድምፁ የሚቋረጥ ከሆነ ስልኩ ራሱ እያንቀላፋ ነው። ከፓወር ሴቲንግ አውቶማቲክ ሰስፔንድ የሚለውን አጥፉ። ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅ አዳምጣችሁ ስትጨርሱ መልሱት።

ጥሪንም በዚሁ ኢርፎን መጠበቅ

በፓይንፎን የሲም ጥሪ ድምፅ እንደ መዝሙር ከማጫወቻ ተነስቶ አይሄድም። ከሞደሙ (ስልኩን ከኔትወርክ ከሚያገናኘው ክፍል) ወደ ድምፅ ቺፑ የሚደርስበት የራሱ መስመር አለው፤ ያንን ወደ ብሉቱዝ ማዞር ሌላ ትልቅ ሥራ ነው። ለጥሪ ባለገመድ ኢርፎን ቦርሳችሁ ውስጥ አኑሩ። ሰክታችሁት ጭራሽ ድምፅ ካጣችሁ ወደ ስድስቱ ስዊቾች ተመለሱ። ስድስተኛው ሲጠፋ የኢርፎኑ ቀዳዳ ድምፅ ማውጣቱን ትቶ ኮምፒውተር የሚሰካበት የሲሪያል መስመር ይሆናል። እኔና የአክስቴ ልጅ ክዳኑን ከፍተን ሁለተኛውን ስንፈትሽ ስቴኪኒው ስድስተኛውንም ነክቶት ኖሮ፣ ማታ እናቷ ጋ ልትደውል ስትል ክዳኑን እንደገና ከፍተናል።