የኮንፈረንስ ጉዞ ድጋፍ ሲጠየቅ የሚሠሩ ስህተቶች፦ በፖሊመር ሳይንስ ለሚመራመሩ የድህረ ምረቃ ተማሪዎች

ኮምቦልቻ ለፖሊመር ተመራማሪ የተመቸች ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሚፈትለው ጥጥ ሴሉሎስ ነው፤ በቆዳ ፋብሪካው የሚለፋው ሌጦ በአብዛኛው ኮላጅን ነው፤ ከወሎ ደጋ የሚወርደው የበግ ጠጉርም ኬራቲን ነው፤ ሦስቱም ተፈጥሮ የሠራቻቸው ፖሊመሮች፣ ማለትም ትናንሽ ሞለኪውሎች ተቀጣጥለው የሠሯቸው ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም እዚያው ከተማ ውስጥ ስለሆነ፣ የምርምር ርዕስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ችግሩ የሚመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ውጤቱን ከአገር ውጭ በሚካሄድ ጉባኤ ለማቅረብ የጉዞ ድጋፍ ሲጠየቅ ነው። ተማሪዎች ከመላካቸው በፊት እንዳይላቸው ያመጡልኝን ማመልከቻዎች ሳነብ የታዘብኩት፣ አብዛኞቹ የሚወድቁት ምርምሩ ደካማ ሆኖ ሳይሆን ሰነዱ ሁለት ጥያቄዎችን ሳይመልስ በመቅረቱ መሆኑን ነው፦ ይህ ሥራ በእርግጥ የዚህ ተማሪ ነው ወይ? ገንዘቡ ቢፈቀድለትስ በእርግጥ መጥቶ ያቀርባል ወይ? ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች በአብዛኛው ከእነዚህ በአንዱ ላይ የሚያርፉ ናቸው።

አብስትራክቱን ትቶ ድጋፉን ማሳደድ

ብዙ ተማሪ የጉዞ ድጋፍን ራሱን ችሎ እንደሚቆም ስኮላርሺፕ ያየዋል። ድጋፉ ግን በአብዛኛው የሚሰጠው አብስትራክቱ (ለጉባኤው የሚላከው የጥናቱ አጭር ማጠቃለያ) ተቀባይነት ላገኘና በአቅራቢነት ስሙ ለተመዘገበ ተማሪ ነው። ለምሳሌ የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር የፖሊመር ፊዚክስ ክፍል የሚሳተፍበት ትልቁ ዓመታዊ ጉባኤ የሚካሄደው በማርች ሲሆን፣ አብስትራክት የሚገባው ግን ከወራት በፊት፣ በኦክቶበር አካባቢ ነው። በዚያ ወቅት እኛ ዘንድ ተማሪው ገና ምዝገባና መኝታ ክፍል ላይ ነው፤ ጥር ላይ የድጋፉን ማስታወቂያ አይቶ የሚነሣ ሰው በሩ ከተዘጋ ወራት አልፈውታል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ፣ ብዙም የማይታወቅ ስህተት አለ። የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር በፖሊመር ላይ የሚሠሩ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ አንዱ የፖሊመር ኬሚስትሪ ነው፣ ሌላው የፖሊመሪክ ማቴሪያልስ ሳይንስና ኢንጂነሪንግ ነው። አንድ ክፍል የሚሰጠው ድጋፍ አብዛኛውን ጊዜ አብስትራክቱን በዚያው ክፍል መርሐ ግብር ላስገባ ተማሪ ነው። አብስትራክቱን በአንዱ አስገብቶ ድጋፉን ከሌላው የሚጠይቅ አመልካች ሥራው ሳይነበብ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ክፍሉን የምንመርጠው ርዕሱን ብቻ ሳይሆን የድጋፉን ደንብም አይተን መሆን አለበት። ደንቡ ሲነበብ ደግሞ ዜግነትን፣ አባልነትንና የተማሪነት ጊዜን የሚመለከቱትን መስመሮች መዝለል አይገባም፤ ሰኔ ላይ የሚመረቅ የማስተርስ ተማሪ በኦገስት ለሚደረግ ጉባኤ ሲያመለክት፣ በጉባኤው ቀን ተማሪ መሆን ግዴታ ከሆነ ልፋቱ ከንቱ ይቀራል።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር መቁጠር

ይህ የራሴም ስህተት ስለሆነ በዝርዝር እናገረዋለሁ። ተማሪ ሳለሁ የአንድ ማኅበር ድጋፍ መዝጊያ ኖቬምበር 15 ነበር። እኛ ኖቬምበርን ኅዳር ብለን መተርጎም ስለለመድን፣ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ኅዳር 15» ብዬ ጻፍሁ። ኖቬምበር 15 ግን በአብዛኛው ዓመት የሚውለው ኅዳር 6 ላይ ነው። ኅዳር 15 ማለዳ፣ ሰነዴን በሙሉ አሟልቼ፣ የአማካሪዬን ደብዳቤ ሳይቀር ይዤ ኮምፒዩተር ፊት ስቀመጥ፣ ቅጹ ከተዘጋ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር። ከዚያ ወዲህ የወር ስም አልተረጉምም፤ የፈረንጁን ቀን እንዳለ እጽፍና የእኛን ቀን ከጎኑ አስቀምጣለሁ።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ከቀትር በኋላ 5፡00» የሚል ማስታወቂያ በበጋቸው ወራት ለእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ማለት ነው፤ እነርሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ በሚመልሱበት በክረምታቸው ደግሞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይሆናል። ሌሊቱን የሚጠብቅ ሰው መብራት ቢጠፋበት ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥበት የሚያማርረው ራሱን ብቻ ስለሆነ፣ የራሱን መዝጊያ ሦስት ቀን ቀደም አድርጎ ቢያስቀምጥ ይበጀዋል።

ማመልከቻውን እንደ አቤቱታ መጻፍ

የአማርኛ ማመልከቻ የራሱ ወግ አለው። «ጉዳዩ» ብሎ ይጀምራል፣ የአመልካቹን ችግር ይዘረዝራል፣ «ችግሬን ተረድታችሁ ትብብር እንድታደርጉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ብሎ ይዘጋል። ይህ ወግ ለቀበሌና ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ይሠራል፤ የሚያሳፍር ነገርም የለውም። የጉዞ ድጋፍ የሚመረምር ኮሚቴ ግን የሚወዳደሩ በርካታ ሰነዶች ፊቱ ተደርድረውለት፣ ከእነዚህ ውስጥ ጉባኤው ለማን ይበልጥ ይጠቅማል የሚለውን የሚመዝን ነው። ስለ አገራችን ድህነት ግማሽ ገጽ የጻፈ ተማሪ፣ በዚያ ግማሽ ገጽ ስለ ፖሊመሩ መናገር ሲችል ዕድሉን አባክኗል። አቅምን ለማስረዳት «ከትምህርት ክፍሌ የማገኘው ድጋፍ የአገር ውስጥ ትራንስፖርትን ብቻ ይሸፍናል» የሚል አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

የቀረው ቦታ ለጉዞው ዓላማ ይዋል፤ ዓላማውም ሊጨበጥ የሚችል ይሁን። «ልምድ ለመቅሰም» ማለት ምንም አለማለት ነው። በአንጻሩ «የሠራሁትን ፖሊመር የሞለኪውል ክብደት የገመትሁት በቪስኮሜትር ነው፤ በጉባኤው በጄል ፐርሚዬሽን ክሮማቶግራፊ ላይ የሚሠሩ ቡድኖች ስላሉ፣ ናሙናዬን የሚለካልኝ ተባባሪ ላገኝ አስባለሁ» ብሎ የጻፈ ተማሪ፣ ለምን መሄድ እንዳለበት ማንም ይረዳለታል። (ቪስኮሜትር የፈሳሽን ውፍረት የሚለካ መሣሪያ ነው፤ ጄል ፐርሚዬሽን ክሮማቶግራፊ ደግሞ ሞለኪውሎችን በመጠናቸው የሚለይ ዘዴ ነው።)

ቁጥር የሌለው አብስትራክት

በእኔ ግምት ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። ወደ እጄ ከሚገቡት ረቂቆች ብዙዎቹ የሚከተለውን ይመስላሉ፦ «በዚህ ጥናት የቃጫ ፋይበርን ከፖሊስተር ሬዚን ጋር በማዋሐድ ጥንካሬው የተሻሻለ፣ ለአካባቢ ተስማሚና ርካሽ የሆነ ኮምፖዚት ተሠርቷል።» ዓረፍተ ነገሩ ሰዋስው አልጎደለውም። ነገር ግን ጥንካሬው በስንት ተሻሻለ? ከምን ጋር ተነጻጽሮ? ስንት ናሙና ተጎትቶ? ርካሽ ሲባል ከየትኛው ማቴሪያል? አንባቢው ለአራቱም መልስ አያገኝም።

ይኸው ረቂቅ እንዴት ሊቃና እንደሚችል ላሳይ። ቃጫ ውሃ ይወዳል፤ ፋይበሩን የሚያያይዘው ሙጫ፣ ማለትም የፖሊስተሩ ሬዚን፣ ደግሞ ውሃን ብዙ አያቀርብም፤ ስለዚህ ሁለቱ ሲገናኙ በመካከላቸው ያለው መያያዝ ደካማ ይሆናል። ተማሪው ፋይበሩን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲዘፈዝፈው ሄሚሴሉሎስና ሊግኒን የተባሉት ከሴሉሎሱ ጋር ያሉ የፋይበሩ ክፍሎች በከፊል ይወገዳሉ፤ የፋይበሩ ገጽ ይሻክራል፤ ሬዚኑም የሚይዘው ነገር ያገኛል። የምርምሩ ሐሳብ ይህ ሆኖ ሳለ በመጀመሪያው ረቂቅ ውስጥ አንድም ቃል አልተነገረለትም። የተቃናው አብስትራክት ይህን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጥና፣ የዝፍዝፉን መጠንና ሰዓት፣ ያልታከመውና የታከመው ፋይበር የሰጡትን የመጎተት ጥንካሬ ከነልዩነታቸው፣ የተሰበረው ገጽ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፋይበሩ ከሬዚኑ ተነቅሎ መውጣቱን ወይም እዚያው ተይዞ መበጠሱን ይናገራል። ለፕላስቲክ የመጎተት ፍተሻ የሚያገለግለው ኤኤስቲኤም ዲ 638 የተባለው መለኪያ ለእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ 5 ናሙና እንዲፈተሽ ይጠይቃል፤ ሁለት ናሙና ጎትቶ «ተሻሽሏል» የሚል ተማሪ በጉባኤው አዳራሽ የሚገጥመውን ጥያቄ ገምጋሚው ቀድሞ ያውቀዋል።

ፖሊመሩን ራሱ ለሚያዘጋጅ ተማሪም ደንቡ ያው ነው። የሞለኪውል ክብደትና የግላስ ትራንዚሽን ሙቀት (ፖሊመሩ ከደረቅነት ወደ ልስላሴ የሚያልፍበት ሙቀት) ሳይጠቀስ «አዲስ ፖሊመር ተዘጋጅቷል» ማለት፣ ጠጉሩ ሳይታይ በግ እንደመሸጥ ነው። መሣሪያ ባይኖርስ? የሌለውን መደበቅ አያስፈልግም፤ በምን እንደተለካና ለምን ያ መንገድ እንደተመረጠ መጻፍ ይበቃል። በተበጠበጠ ፖሊመር ላይ የሚደረግ የቪስኮሜትር ልኬት ረጅም ታሪክ ያለው፣ የተከበረ ዘዴ ነው።

ተማሪው ራሱ የጻፈው የአማካሪ ደብዳቤ

«ዶክተር፣ እርስዎ እንዳይደክሙ እኔው ጽፌዋለሁ፤ አንዴ ይፈርሙልኝ» ይላል ተማሪው። «አብሽር፣ አምጣው» ይሉታል አማካሪው፤ ነገሩም በአንድ ደቂቃ ያልቃል። በቅንነት የሚደረግ ነው፤ ግን የሚጎዳው ተማሪውን ነው። ማመልከቻውና ደብዳቤው በአንድ እጅ ስለተጻፉ ቃላቸው አንድ ይሆናል፤ አንዳንዴም የፊደል ግድፈታቸው ሳይቀር ይመሳሰላል። ገምጋሚው ከአማካሪው መስማት የሚፈልገው «ታታሪና ሥነ ምግባር ያለው ነው» የሚለውን ምስጋና አይደለም። የትኛውን ሥራ ተማሪው ብቻውን እንደሠራ፣ ሙከራው ሲበላሽ ምን እንዳደረገ፣ ጽሑፉን እርሱ ራሱ ቆሞ እንደሚያቀርብ፣ የቀረውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ማወቅ ይፈልጋል። አብስትራክቱ ላይ አምስት ስም በሚሰፍርበት በእኛ ልማድ ይህ ደብዳቤ የበለጠ ይከብዳል።

ከተማሪው የሚጠበቀው ደብዳቤውን መጻፍ ሳይሆን፣ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ አብስትራክቱን፣ የድጋፉን ደንብና እነዚህን ነጥቦች በአንድ ገጽ አድርጎ ለአማካሪው መስጠት ነው። አማካሪውም ቢሆኑ ባዶ ወረቀት ይዘው ከመቀመጥ ይድናሉ።

ገንዘቡ በቅድሚያ ይገባልኛል ማለት

ብዙዎቹ ድጋፎች የሚከፈሉት ከጉዞው በኋላ፣ ደረሰኝ ሲቀርብ ነው፤ የሚሸፍኑትም አብዛኛውን ጊዜ የወጪውን ከፊል ብቻ ነው። ይህን ያላወቀ ተማሪ አሸንፎም ይቀራል፤ ትኬቱን በራሱ ገንዘብ መግዛት አይችልማ! ስለዚህ ከማመልከቱ በፊት አከፋፈሉን በኢሜይል መጠየቅና ቅድሚያ የሚያበድረውን ወገን ማወቅ ያስፈልጋል።

የወጪ ዝርዝሩም እውነተኛ ጉዞን መምሰል አለበት። «ትራንስፖርትና ልዩ ልዩ፣ 2000 ዶላር» የሚል መስመር አያሳምንም። ከኮምቦልቻ የሚነሣ ሰው ለቪዛ ቀጠሮ አንድ ጊዜ፣ ለበረራው ሌላ ጊዜ አዲስ አበባ ይወጣል፤ ሁለቱም ይጻፉ። ወደ ሸንገን አገሮች የሚሄድ ከሆነ ከጁን 2024 (በእኛ ሰኔ 2016) ጀምሮ የቪዛው ክፍያ 90 ዩሮ መሆኑ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ መጠየቁ በዝርዝሩ ይግባ። ሒሳቡን በብር አስልቶ መላክም አይመከርም፤ በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በአሮጌ ተመን የተሠራ ሒሳብ የቱን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ሁላችንም አይተናል።

ስምና ፓስፖርት

ወሎ ውስጥ መሐመድና ሰዒድ የሚሉት ስሞች በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት እንደሚጻፉ የሪጅስትራር ሠራተኛ ይመስክር። አብስትራክቱ ላይ በአንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ፣ የግብዣ ደብዳቤው ላይ በሦስተኛ ዓይነት የተጻፈ ስም በኤምባሲ መስኮት ላይ አላስፈላጊ ጥያቄ ያስነሣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በፓስፖርቱ ላይ ያለውን አጻጻፍ ብቻ መጠቀም፣ የአባትና የአያት ስም ቅደም ተከተልንም ጭምር።

ፓስፖርት የሌለው ደግሞ የድጋፉን ውጤት መጠበቅ የለበትም። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ መግባት ይችላል፤ ውሳኔው በአብዛኛው በ15 ቀን ይሰጣል፣ እስከ 45 ቀን ግን ሊራዘም ይችላል። ውጤቱ ጉባኤው ሁለት ወር ሲቀረው ቢወጣ፣ ፓስፖርቱን ይዞ የጠበቀው ብቻ ይደርሳል።

የሚያስከፍል «ሽልማት»

ሳያመለክቱ በኢሜይል መጥቶ «ለጉዞ ሽልማት ተመርጠዋል፤ የመመዝገቢያ ክፍያውን አስቀድመው ይላኩ» የሚል መልእክት ሽልማት አይደለም። የጉባኤውን አዘጋጅ ማኅበር ስም፣ ያለፈውን ዓመት መርሐ ግብርና የተናጋሪዎቹን ዝርዝር ከአማካሪ ጋር ማጣራት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ቪዛ ተከልክሎ ዝም ማለት

ድጋፉን አግኝቶ ቪዛ የተከለከለ ተማሪ ብዙ ጊዜ አፍሮ ዝም ይላል። ኮሚቴው የሚያውቀው ግን ስሙ በመርሐ ግብሩ ላይ ሰፍሮ በሰዓቱ ያልተገኘ አቅራቢ መሆኑን ብቻ ነው። በክልከላው ዕለት ሁለት መስመር ኢሜይል መጻፍ፣ የክልከላውን ወረቀት ማያያዝ፣ ጽሑፉን በርቀት ማቅረብ ወይም ድጋፉን ለሚቀጥለው ዓመት ማስተላለፍ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ባይቻል እንኳ ገንዘቡ በተጠባባቂነት ለተያዘ ሌላ ተማሪ በጊዜ ሊደርስ ይችላል።