ከኩሉ ጀምሩ

መዋቢያችሁን ጉዳቱ ባነሰ ለመተካት ካሰባችሁ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አትጣሉ፤ መጀመሪያ ኩሉን ተመልከቱ። ከድንጋይ የተፈጨ ኩል ከእናቶቻችን የወረስነው ስለሆነ ብዙዎቻችን ንጹሕ ነው ብለን እናምናለን። ነገር ግን ያ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ድንጋይ ብዙውን ጊዜ ጋሌና የሚባል ማዕድን ነው፤ ዋነኛ ይዘቱም እርሳስ የተባለው መርዛማ ንጥረ ነገር ነው። ከተፈጥሮ መገኘቱ መርዝነቱን አይሽረውም። በአሜሪካ እንዲህ ያለው ኩል ለመዋቢያ ማቅለሚያነት አልተፈቀደም።

ሕፃናትንማ ፈጽሞ አትኳሉ! ዓይናቸውን አሽተው እጃቸውን ወደ አፋቸው ሲወስዱ እርሳሱ ወደ ሰውነታቸው ይገባል፤ የአእምሮ እድገታቸውንም ይጎዳል። ለአያቶችም በአክብሮት አስረዱልኝ። ለራሳችሁ ይዘቱ በግልጽ የተጻፈበት፣ ጥቁረቱን ከብረት ኦክሳይድ ያገኘ መኳያ ምረጡ።

ቀጥሎ የቆዳ ማንጫ ክሬሞችን መርምሩ። በማሸጊያው ላይ መርዛማውን «ሜርኩሪ» ወይም የሜርኩሪ ውህድ የሆነውን «ካሎሜል» ካያችሁ አትግዙ። ይዘቱን ሳይገልጽ «ከወርቅ፣ ከብርና ከጌጣጌጥ ጋር እንዳይነካካ» ብሎ የሚያስጠነቅቅም ሜርኩሪ ሊኖርበት ስለሚችል ተዉት።

አዲስ የተፈጥሮ ዘይት ስትገዙም ፊታችሁን ከመቀባታችሁ በፊት በክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጥቂት ቀብታችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ።